«መጀመሪያ ዲግሪሽን ጨርሺ» ለሚሉ ወዳጆቼ የተሰጠ መልስ

ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጥታ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። የጃፓን መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠውን ነፃ የትምህርት ዕድል ማግኘቷን የሚገልጽ ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ!» አልኳት። ፊቷ ላይ ግን የደስታ ምልክት አላየሁም። «ዶክተር፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? ምክርዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ እርስዎ እዚያ ተምረዋልና» አለችኝ።

ነገሩን በሩቁ ለሚሰማ ሰው ጥያቄው ራሱ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በዚህ ዘመን ውጭ አገር ሂድ የተባለ ወጣት ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ ያማክራልን? ዝርዝሩ ግን እነሆ። ዕድሉ የአምስት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት የጃፓንኛ ቋንቋ መሰናዶ ሲሆን፣ የቀሩት አራት ዓመታት ከጃፓናውያን ተማሪዎች ጋር በጃፓንኛ የሚሰጥ የዲግሪ ትምህርት ነው። የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት ይሸፈናል፤ በወር 117,000 የን ያህል ለመተዳደሪያ ይሰጣል። ነገር ግን እዚህ የደከመችበት ሁለት ዓመት ተኩል አይቆጠርላትም፤ ከአንደኛ ዓመት ትጀምራለች። እዚህ ብትቀር ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ መሐንዲስ ናት። ከሄደች ግን የመጀመሪያ ዲግሪዋን የምትይዘው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። አባቷ የመንግሥት ጡረተኛ ናቸው፤ ከእርሷ በታች ሁለት ታናናሾች አሉ። ጥያቄው እንግዳ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ወሬው በትምህርት ክፍላችን በተሰማ ጊዜ የሥራ ባልደረቦቼ በአንድ ድምፅ ፈረዱ። «መጀመሪያ ዲግሪዋን ትጨርስ፤ ከዚያ ለማስተርስ፣ ለዶክትሬት መሄድ ይደርሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ትጥላለች!» አሉ። እውነቱን ለመናገር የእኔም የመጀመሪያ መልስ ይኸው ነበር። ለልጅቱም በዚሁ ቃል ነገርኳት። ደብዳቤዋን አጣጥፋ ልትነሣ ስትል ዐይኗ መደርደሪያዬ ላይ ካለ አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ ላይ አረፈ።

«ይህ በጃፓንኛ የተጻፈ ነው፣ ዶክተር?»

«አዎን። የፕሮፌሰሬ መጽሐፍ ነው። ስመረቅ ፈርመው የሰጡኝ ነው።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«የገጠር ገበሬዎች የመስኖ ውኃን እንዴት እንደሚካፈሉ።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚካፈሉት?»

አላውቅም። ውድ አንባብያን፣ አላውቅም! በመስኖ ምህንድስና የዶክትሬት ዲግሪዬን የያዝኩት ከጃፓን ነው፤ አራት ዓመት እዚያ ኖሬያለሁ፤ አማካሪዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙበትን መጽሐፍ ግን ማንበብ አልችልም። ከአሥር ዓመት በላይ መደርደሪያዬን አሳምሮልኛል እንጂ ያስተማረኝ ነገር የለም። ለልጅቱ የሰጠኋትን ምክር በዚያችው ደቂቃ መልሼ ወሰድኩ። ይህ ጽሑፍም የመልሴ ማብራሪያ ነው።

*  *  *

በጃፓን የተማርኩት እንዴት እንደ ነበር ሳልሸፋፍን ልናገር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፌንም በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ቤተ ሙከራው ጥሩ ነበር፤ ሰዎቹ ደግ ነበሩ። ነገር ግን በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ክርክሩ ሲጠነክር ንግግሩ ወደ ጃፓንኛ ይዞራል፤ እኔ ዐይን ዐይናቸውን አያለሁ። ሲያበቃ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ የሁለት ሰዓቱን ክርክር በሦስት ዐረፍተ ነገር ያጠቃልልልኛል። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስሄድ ያንኑ ልጅ አስከትዬ ነው። ከቤት አከራዬ የሚመጣውን ወረቀት የሚያነብልኝም እርሱ ነው። በሠላሳ ዓመቴ እንደ ሕፃን እጄን ተይዤ ኖርኩ ማለት ነው። «ለቋንቋ ጊዜ የለኝም፣ የመጣሁት ለምርምር ነው» እል ነበር። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእኔ ነው።

ታዲያ ተመልሼ ስመጣ «ከጃፓን የመጣው ዶክተር» ተባልኩ። ስለ ጃፓን ሥራ ወዳድነት፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀማቸው ንግግር እንዳደርግ ተጋበዝኩ፤ አደረግሁም። ያወራሁት ግን ማንም ጎብኚ በሁለት ሳምንት የሚያየውን ነው። ባቡሩ በሰዓቱ ይመጣል፤ መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ። ያ ሁሉ ለምን እንዲህ ሆነ ቢሉኝ መልስ አልነበረኝም፤ መልሱ ያለው እኔ በማላነበው ቋንቋ ውስጥ ነበርና።

ይህ የእኔ ብቻ ነውር ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ነገር ግን የአገር ነውር ይመስለኛል።

እንደሚታወቀው እኛ ኢትዮጵያውያን ጃፓንን ማድነቅ ከጀመርን አንድ ምዕተ ዓመት አልፎናል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን በአርአያነት አንሥተዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት እ.ኤ.አ. የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት ተመልክተዋል። በዚያው በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እስከ ቶኪዮ ተጉዘው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። ከበደ ሚካኤል ደግሞ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። በእኛ ዘመን ካይዘን መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ለእርሱ የሚሆን ኢንስቲትዩት አቋቋምን፤ «አምስቱ ማዎች» በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ።

እነዚያን አባቶች አልወቅስም፤ በዘመናቸው ከእኛ ይልቅ አርቀው አይተዋል። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የጃፓንን መጽሐፍ ከጃፓንኛ በቀጥታ ወደ አማርኛ፣ ወይም ወደ ሌላው የአገራችን ቋንቋ የመለሱ ሰዎች ስንት አፈራን? የብላቴን ጌታ ኅሩይ መጽሐፍ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ ጃፓናውያን በቋንቋቸው አንብበውታል። እነርሱ እኛ ስለ እነርሱ ያልነውን ሊያውቁ ፈለጉ፤ እኛ ግን እነርሱ ስለ ራሳቸው የሚሉትን የምንሰማው እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ በኩል ነው።

ይህ ዋጋ የማያስከፍል እንዳይመስላችሁ። በ1935 ኢጣልያ ስትወረን «የእስያዋ እኅታችን» ከጎናችን ትቆማለች ብለው ተስፋ ያደረጉ ብዙዎች ነበሩ። በርግጥም ከሕዝቧ መካከል ያዘነልን ነበረ። መንግሥቷ ግን በ1936 ለማንቹሪያ ጉዳይ ከኢጣልያ ጋር ተደራድሮ የወራሪያችንን ይዞታ ዐወቀ። ጃፓን ያን ጊዜ ራሷ የሰው አገር የያዘች፣ ኮሪያን ከ1910 ጀምሮ የምትገዛ ኃይል ነበረች። እኛ የወደድነው ያሰብናትን ጃፓን ነበር፤ የቶኪዮን ጋዜጣ በራሱ ቋንቋ አንብቦ ያለችውን ጃፓን የሚነግረን ሰው ስንት ነበረን?

*  *  *

ለመሆኑ ጃፓን ራሷ ስትማር እንዴት ተማረች? የሜይጂ መንግሥት ገና ሲመሠረት በ1868 ባወጣው ቃል ኪዳን ውስጥ ዕውቀት ከዓለም ሁሉ እንዲፈለግ ደንግጓል። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1871 ታላላቅ ሹማምንቱ በኢዋኩራ መሪነት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ተማሪዎችንም ይዘው ነበር። ከእነዚያ መካከል አምስት ልጃገረዶች ይገኙ ነበር፤ ታናሺቱ ጹዳ ኡሜኮ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች! «መጀመሪያ እዚህ ይጨርሱ» ያላቸው አልነበረም። ኡሜኮ ከአሥር ዓመት በላይ አሜሪካ ቆይታ በ1882 ስትመለስ የአገሯን ቋንቋ ረስታው ነበር፤ እንደገና ተማረችው። ለሕፃን የማይገባ ጭካኔ ነበር ብትሉኝ አልከራከርም። ነገር ግን ያቺው ሴት በ1900 የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ከ2024 ጀምሮም ምስሏ በ5,000 የን ገንዘብ ላይ ይታያል።

ኒሺ አማኔ የሚባለው ሰው በ1860ዎቹ ሆላንድ ሄዶ ላይደን ተማረ። ሲመለስ ያመጣው የምስክር ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ቃላት አመጣ። ዛሬ ጃፓናውያን ፍልስፍናን የሚጠሩበትን «ቴጹጋኩ» የሚለውን ቃል ያወጣ እርሱ ነው፤ ቻይናውያንም ከጃፓን ወስደው በራሳቸው አነባበብ ይጠቀሙበታል።

የልጅቱ ሙያ ምህንድስና ነውና አንድ የምህንድስና ምሳሌ ልጨምር። በ1873 ቶኪዮ ውስጥ የተከፈተው የምህንድስና ኮሌጅ ርእሰ መምህሩ እስኮትላንዳዊው ሄንሪ ዳየር ነበር፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ለባዕዳን መምህራን የሚከፈለው ደመወዝ ከባድ ነበር። ከዚያ ኮሌጅ ወጥቶ ግላስጎው የተማረው ዋታናቤ ካይቺ በእስኮትላንድ የፎርዝ ድልድይ ሥራ ላይ ተሰማራ። ድልድዩ ክብደት እንዴት እንደሚሸከም ለማሳየት ሁለት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው፣ በመካከላቸው ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ የተነሡት ዝነኛ ፎቶግራፍ አለ፤ ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቁታል። በመካከል የተቀመጠው ዋታናቤ ነው። ከዚያ በኋላ አገሩ ተመልሶ በሙያው ሠራ። እንደ እርሱ ያሉት ሲበዙ ባዕዳኑ መምህራን በአገሬው ሰው ተተኩ፤ ትምህርቱም ወደ ጃፓንኛ ዞረ። ዛሬ የጃፓን ወጣት ስለ ኮንክሪትና ስለ ብረት የሚማረው እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ነው።

እኛስ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ከተከፈተ እነሆ ሰባ አምስት ዓመት አለፈ። እንግሊዝኛ ለእነርሱ መሻገሪያ ነበር፤ ለእኛ መኖሪያ ሆነ። እኔ ራሴ በየቀኑ ክፍል ገብቼ፣ ተማሪዎቼ በግማሽ በሚረዱት ቋንቋ፣ እኔም በሦስት አራተኛ በምናገረው ቋንቋ አስተምራለሁ። ጥያቄ ያለው ተማሪ እጁን የማያነሣው ጥያቄ አጥቶ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩን ማቀናጀት ቸግሮት ነው። ከክፍል ስንወጣ በኮሪደሩ ላይ በአማርኛ ሲጠይቀኝ ግን ጥያቄው የበሰለ ሆኖ አገኘዋለሁ። እንግዲህ ይህች ልጅ ጃፓን ሄዳ የምታየው ትልቁ ነገር ባቡሩ አይደለም። አንድ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ምን እንደሚመስል ታያለች። በእንግሊዝኛ ለማስተርስ የሚሄድ ሰው ይህን አያየውም፤ እኔ አላየሁትም።

*  *  *

የባልደረቦቼን ክርክር አቃልዬ እንዳላልፍ አንድ በአንድ ልመልስ።

አንደኛው «ሁለት ዓመት ተኩል ይባክናል» የሚለው ነው። አልባከነም እላለሁ። ሒሳቡንና ፊዚክሱን በጭንቅላቷ ይዛው ትሄዳለች፤ ያንኑ ትምህርት በአዲስ ቋንቋ ስትሰማው ትምህርቱ ቋንቋውን ያስተምራታል። ባዶ እጁን ከሚሄደው ልጅ ይልቅ ዕድለኛ ናት። ደግሞስ የባከነ ዘመን ከተቆጠረ፣ አራት ዓመት ጃፓን ኖሬ ጋዜጣ ማንበብ ያልቻልኩት እኔ ነኝ የምበልጠው።

ሁለተኛው «ቋንቋው አይቻልም» የሚለው ነው። ከባድ መሆኑን አልክድም። ለዕለት ተዕለት ንባብ በመንግሥት የተወሰኑት የካንጂ ፊደላት ብቻ 2,136 ናቸው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ከአንድ በላይ አነባበብ አላቸው። ነገር ግን ክብደቱ ለማን ነው? ሚስትና ልጅ ላለው፣ ጥናቱን በሦስት ዓመት አስረክብ ለተባለው የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ለሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ ያውም ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይኖራት ቋንቋ ተማሪ ተብላ ለምትቀመጥ፣ ይቻላል። «ዲግሪሽን ጨርሺና ሂጂ» የሚለው ምክር እንግዲህ «ቋንቋ መማር የምትችዪበት ዕድሜ ሲያልፍ ሂጂ» ማለት ነው። ዕድሉም ራሱ አይጠብቃትም፤ በአብዛኛው ከ25 ዓመት በታች ላሉት የሚሰጥ ነው።

ሦስተኛው፣ በሹክሹክታ የሚባለው፣ «ከሄደች አትመለስም» የሚለው ነው። ሊሆን ይችላል። ዲግሪያቸውን ጨርሰው፣ ተቀጥረው፣ የመመለስ ውል ፈርመው ከሄዱት ባልደረቦቻችን መካከልስ ስንቶቹ ተመለሱ? የሰውን መመለስ የሚወስነው የሄደበት ዕድሜ ሳይሆን የሚጠብቀው ነገር ነው። እኔ ስመለስ አንድ መሥሪያ ቤት ለዲግሪዬ አቻነት ወራት አመላለሰኝ፤ ስድስት ዓይነት ማኅተም ጠየቀኝ። «ምን ተምረህ መጣህ? ለማን ታስተምርልናለህ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም። የሜይጂ ሰዎች ልጆቻቸውን ሲልኩ የሚመለሱበትን ወንበር አብረው ያስቡ ነበር፤ የእኛ መንግሥታት፣ ያለፉትም ያሉትም፣ የሚያስቡት የመሸኛውን ደብዳቤ ብቻ ነው። በዚህ ልንወቀስ የሚገባን እኛ እንጂ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ አይደለችም።

ይሁንና «ጃፓን የተባለ ሁሉ ይሂድ» ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ጃፓን በሯን የከፈተችው ለጽድቅ ብቻ አይደለም። በ1992 ሁለት ሚሊዮን ገደማ የነበሩት የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣቶቿ ዛሬ በግማሽ ገደማ ቀንሰዋል፤ ዩኒቨርሲቲዎቿ ተማሪ፣ ፋብሪካዎቿም ሠራተኛ ይሻሉ። በ2008 የባዕድ አገር ተማሪዎችን ቁጥር 300,000 ለማድረስ አቀደች፤ በ2019 ደረሰችበት፤ በ2023 ደግሞ እስከ 2033 ድረስ 400,000 እንዲሆን ወሰነች። ከ2009 ጀምሮም በእንግሊዝኛ ብቻ ተምሮ የሚወጣበትን መርሐ ግብር በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎቿ አስፋፋች። ስለዚህ የተሰጠሽ ዕድል በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ «እዚሁ ጨርሺ» እላት ነበር፤ በእንግሊዝኛ ለመማርማ እዚህም በእንግሊዝኛ እየተማረች ነው! ደላላ አነጋግሮ፣ ተበድሮ፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ፣ በትርፍ ሰዓት ሥራ ዕዳዬን እከፍላለሁ ለሚለውም ወጣት ተው እለዋለሁ። ለተማሪ የሚፈቀደው የሥራ ሰዓት በሳምንት 28 ብቻ ነው፤ ያ ዕዳ ትምህርቱን ይበላዋል።

*  *  *

ባለፈው ሐሙስ አባቷ ራሳቸው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ ሻይ ቢቀርብላቸውም አልቀመሱትም።

«ዶክተር፣ ሂጂ ብለዋታል አሉ» አሉኝ።

«አዎን ጋሼ፣ ብያታለሁ።»

«እኔ እኮ ሁለት ዓመት ተኩል ቀርቶኛል ብዬ ነበር የምቆጥረው። ታናናሾቿን እርሷ ትደግፋቸዋለች ብዬ። አሁን አምስት ዓመት ልቁጠር ነው የሚሉኝ?»

በጥናት ላይ የተመሠረተ መልስ አልነበረኝም። ከላይ የጻፍኩትን ስለ ሜይጂና ስለ ኒሺ አማኔ ለእኚህ ሰው ብነግራቸው ቀልድ ይሆናል። የቤታቸው ሒሳብ እውነተኛ ነው፤ ከመተዳደሪያዋ ቆጥባ የምትልከው ገንዘብም የመሐንዲስ ደመወዝን አይተካም። ይህን ሸሽጌ «ሁሉም ይሳካል» አላልኳቸውም። «ጋሼ፣ ከባድ ነው። አምስት ዓመት ይቆጥራሉ» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ?» አሉኝ።

የእኔ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። «እልካታለሁ» አልኳቸው፤ ሰማያዊውን መጽሐፍም አውርጄ አሳየኋቸውና ማንበብ እንደማልችል ነገርኳቸው። ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ገበሬዎች ቦይ ሲቆፍሩ የሚያሳይ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «እነዚህ እንደኛው ናቸው» አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ እሺም እንቢም አላሉኝም።

መልስ የሚሰጥበት ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ውሳኔው የልጅቱና የቤተሰቧ ነው፤ የእኔ ድርሻ ምክር ነበር፤ ሰጠሁ፤ ቢሳሳትም ስሜን ጽፌ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ለባልደረቦቼም የምለው ይህንኑ ነው። ወጣት ሲያማክራችሁ እናንተ የሄዳችሁበትን መንገድ ብቻ እያሳያችሁ «ይህ ነው መንገዱ» አትበሉት። መንገዱ የት እንዳደረሳችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

መጽሐፉን ከሄደች ልሰጣት አስቤያለሁ። ካልሄደችም መደርደሪያው ላይ ይቆያል፤ የሚያነበው እስኪመጣ።

ቸር ይግጠመን።